የአትክልት ተራው ፍላሽ

ቁልፌ ላይ ሦስት ነገሮች ተንጠልጥለዋል። አንዱ የቤታችን ቁልፍ ነው። ሁለተኛው አትክልት ተራ የነበረው የእናቴ መጋዘን ቁልፍ ነው፤ በሩ ዛሬ የለም፣ ቁልፉን ግን እስካሁን አላወጣሁትም። ሦስተኛው ባለ 32 ጊጋባይት ፍላሽ ነው። ክዳኑ ጠፍቷል፣ ጠርዙ ተፍቋል፣ ጎኑ ላይ በእስክሪብቶ የጻፍኩት ስሜ ደብዝዟል። ለሚያየው ሰው ዘፈን የሚጫንበት ተራ ፍላሽ ነው። ውስጡ ግን ሙሉ ኦፕሬቲንግ ሲስተም አለ። በአማርኛ "ስርዓተ ክወና" ይሉታል፤ እኔ ግን ይህን ቃል ከወረቀት ላይ እንጂ ከሰው አፍ ሰምቼው አላውቅም። ፍላሹን የማንም ሰው ኮምፒውተር ላይ ሰክቼ ማሽኑን ሳስነሳ የሚመጣው የባለቤቱ ዊንዶውስ ሳይሆን የኔ ሊኑክስ ነው። ስጨርስ አጠፋለሁ፣ እነቅላለሁ፣ እሄዳለሁ። ባለቤቱ ተመልሶ ሲያበራው ሁሉም ነገር እንደነበረ ነው።

ይህን ነገር ለምን ከቁልፌ እንደማልለየው የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። አጭሩ መልስ "ላፕቶፕ ስላልነበረኝ" ነው። ረጅሙ መልስ እናቴን፣ ሽንኩርትን፣ ዱቤንና አንድ እስካሁን የምጸጸትበትን ስህተት ይጨምራል።

*

ነገሩን መጀመሪያ ያየሁት በልጅነቴ ፒያሳ ውስጥ አንድ ኢንተርኔት ቤት ነው። በደቂቃ በሳንቲም የሚከፈልበት፣ የኮምፒውተሮቹ ኪቦርድ ፊደል የጠፋበት፣ አንድ ገጽ እስኪከፈት ማኪያቶ የሚጠጣበት ዘመን ነበር። ታላቅ ወንድሜ ከጓደኛው አባት ፖስታ ሳጥን የወጣ አንድ ኤንቨሎፕ ይዞ መጣ። ውስጡ ሲዲ አለ። ኡቡንቱ ይላል። የሚገርመው ነገር ነጻ መሆኑ ነው፤ ማንም ሳያውቀን፣ ማንም ሳይከፍል፣ ከባሕር ማዶ በፖስታ መጣ።

እውነት ነው፣ እንደዚያ ዓይነት ዘመን ነበር። ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ በፈረንጆቹ 2004 የጀመረው ኡቡንቱ እስከ 2011 ድረስ ለጠየቀው ሁሉ ሲዲ በነጻ በፖስታ ይልክ ነበር። ኢንተርኔቱ ዘገምተኛ በሆነበት አገር 700 ሜጋባይት ማውረድ የማይታሰብ ስለነበር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስሙም የመጣው ከደቡብ አፍሪካ ቋንቋዎች ነው፤ ሰው ሰው የሚሆነው በሌሎች ሰዎች ነው የሚለውን ሐሳብ ይዟል።

ወንድሜ ሲዲውን ከተተና ማሽኑን ሪስታርት አደረገው። ቡናማ ስክሪን መጣ። አይጡ ይሠራል፣ ጌም አለው፣ መጻፊያ አለው። የቤቱ ባለቤት ከኋላችን መጥቶ ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

"አንተ ልጅ! ዊንዶውሴን አጠፋኸው?"

"ኧረ ጋሼ፣ አልነካሁትም። ሲዲው ላይ ነው ያለው።"

"እንዴት ሲዲ ላይ ይሆናል? ይኸው እያየሁት! ክፈል!"

ወንድሜ ሲዲውን አወጣና እንደገና አስነሳው። ዊንዶውስ እንደነበረ መጣ፤ ያው የለመድነው አረንጓዴ ሜዳና ሰማያዊ ሰማይ። ሰውዬው ዝም ብሎ አየው፣ እኛንም አየን፣ ከዚያ "ሁለተኛ እንዳትሞክሩ" ብሎ ሄደ። እኔ ግን የዚያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። ኮምፒውተር ስንል ሁለት ነገር ነው። ዕቃው አንድ ነው፣ ዕቃውን የሚያዘው ደግሞ ሌላ። ሁለቱ የግድ አንድ ቦታ መኖር የለባቸውም።

*

አሠራሩ ሚስጥር የለውም። ማሽን ሲበራ ከሁሉ በፊት የሚነቃው እናት ቦርዱ ላይ ያለች ትንሽ ፕሮግራም ናት፤ የድሮዎቹ ላይ ባዮስ፣ የአሁኖቹ ላይ ዩኢኤፍአይ ትባላለች። ሥራዋ "ከማን ልነሳ?" ብላ ተራ በተራ መጠየቅ ነው፤ ከሃርድ ዲስክ? ከሲዲ? ከፍላሽ? ከኔትወርክ? ካልነካናት ሃርድ ዲስኩን ትመርጣለች። ገና ሲበራ ኤፍ12ን፣ ወይም እንደ ማሽኑ ዓይነት ኤፍ9ን ወይም ኢስኬፕን ከተጫንን ግን ምርጫውን ለእኛ ትሰጣለች። ፍላሹን ስንመርጥ ከርነሉ ከፍላሹ ወደ ራም ይጫናል። ቀሪው ሲስተም ፍላሹ ላይ ታሽጎ፣ ታምቆ፣ የሚነበብ እንጂ የማይጻፍበት ሆኖ ይቀመጣል። እኛ የምንቀይረው ነገር ሁሉ፣ የምንከፍተው ፋይል፣ የምንጽፈው ደብዳቤ፣ የሚያርፈው ራም ላይ በተዘረጋ ስስ ንጣፍ ላይ ነው። መብራት ሲጠፋ ንጣፉም ይጠፋል።

ይህን መንገድ ዓለም ላይ ካስፋፉት አንዱ ጀርመናዊው ክላውስ ክኖፐር ነው። በፈረንጆቹ 2000 ከሲዲ የሚነሳውን ክኖፒክስን አወጣ። ከዚያ ብዙ መጡ። ፐፒ ሊኑክስ ለአሮጌ ማሽን የተሠራ ትንሽ ሲስተም ነው፤ ጠቅልሎ ራም ላይ ስለሚገባ ደካማ ኮምፒውተር ላይ ይሮጣል። ቴይልስ ደግሞ መርሳትን ራሱን ሥራው አደረገው፤ ኢንተርኔቱን በቶር ብቻ እየላከ፣ ሲጠፋ ማሽኑ ላይ ምንም ዱካ አይተውም። በ2013 የኤድዋርድ ስኖውደንን ሰነዶች የያዙት ጋዜጠኞች የተጠቀሙት እሱን ነው። ማይክሮሶፍትም ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ "ዊንዶውስ ቱ ጎ" የሚባል ከፍላሽ የሚነሳ ዊንዶውስ ለድርጅቶች አውጥቶ ነበር፤ በ2020 ከዊንዶውስ 10 አወጣው።

ልጆችም አልቀሩም። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ወደ አንዳንድ የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የገቡትን ነጭና አረንጓዴ ትንንሽ ላፕቶፖች የምታስታውሱ ካላችሁ፣ ውስጣቸው የነበረው ሹገር የሚባለው ሲስተም በፈረንጆቹ 2009 ለብቻው ተነጥሎ ከፍላሽ እንዲነሳ ሆኖ ወጥቷል። ላፕቶፑ ቢሰበርም ትምህርቱ በፍላሽ ይቀጥላል ነው ሐሳቡ።

ለእኛ አገር ሰው ይህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። ኔት በሌለበት ሁሉም ነገራችን በፍላሽ ነው የሚጓዘው፤ ዘፈኑ፣ ፊልሙ፣ የዩኒቨርሲቲው ሞጁል፣ የሠርጉ ቪዲዮ። ቫይረሱም ጭምር። ፎልደሮችሽን ደብቆ በቦታቸው ሾርትከት የሚተክለውን ቫይረስ ያላየ የኔ ዕድሜ ሰው ያለ አይመስለኝም።

*

አሁን ወደ እናቴ።

እቴቴ አትክልት ተራ ውስጥ ሽንኩርትና ቲማቲም በጅምላ ትሸጥ ነበር። ሌሊት ከመቂና ከዝዋይ አካባቢ የሚመጣው አይሱዙ ሲገባ ትነሳለች። ጎህ ሳይቀድ ኩንታል ይወርዳል፣ ሳጥን ይደረደራል፣ ተሸካሚዎቹ "ዞር በሉ!" እያሉ በጭቃው ውስጥ ይሮጣሉ። ክረምት ሲሆን የተረገጠ ጎመን ሽታ እስከ ጊዮርጊስ መዳረሻ ድረስ ይከተልሃል። ገዢዎቿ የጉልት ሴቶች፣ የሰፈር ቸርቻሪዎች፣ ምግብ ቤቶች ናቸው። ከግማሽ በላዩ በዱቤ ነው። ዛሬ ይወስዳል፣ ሸጦ ሲጨርስ ይከፍላል፣ ደግሞ ይወስዳል።

ዱቤው የሚጻፈው ደብተር ላይ ነበር። የእቴቴ ደብተር ለሌላ ሰው አይነበብም። ክብ ማለት ኩንታል ነው፣ ቁም መስመር ማለት ሳጥን ነው፣ ግማሽ መስመር ማለት ደግሞ "ተበላሽቶ የተመለሰ አለ፣ ተቀናሽ ይደረግ" ማለት ነው። ስሞቹም ስም አይደሉም፤ "የዶሮ ማነቂያዋ"፣ "ባለመነጽሩ"፣ "የአቡዬ ማኅበርተኛ"።

እኔ ኮምፒውተር ሳይንስ ገባሁና ዓለምን ላስተካክል ተነሳሁ። አንደኛ ዓመት ስጨርስ አሮጌ ዴስክቶፕ ተገዛ፣ መጋዘኑ ጥግ ላይ በላስቲክ ተሸፍኖ ተቀመጠ። አክስቴ ልጅ ጽሕፈት ቤት ትሠራ ስለነበር ዱቤውን በኤክሴል አስገባችልን፤ 41 ደንበኛ፣ በስም፣ በቀን፣ በብር። እቴቴ መጀመሪያ ሳቀችብን። "ደብተሬ ምን አደረጋችሁ?" ትል ነበር። በኋላ ግን ወደደችው፤ ደንበኛ ሲመጣ "ቆይ በኮምፒውተር ይታይልህ" ስትል ትንሽ ኩራት ነበረባት። በ2012 ደብተሩን ጨርሳ ተወችው። እንድትተወው ያደረግኳት እኔ ነኝ። "እማዬ፣ ሁለት ቦታ መጻፍ ድካም ነው" ብዬ።

ይህን ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ።

*

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ውስጥ ተገኘ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ እኛም ከዩኒቨርሲቲ ወደ ቤት ተመለስን። ብዙም ሳይቆይ አትክልት ተራ ሰው በሰው ላይ የሚገፋፋበት ቦታ ስለሆነ ገበያው ወደ ጃንሜዳ ይዛወራል ተባለ። የዓቢይ ጾም ነው፣ ፋሲካ እየቀረበ ነው። በጾሙ ቲማቲምና ቃሪያ፣ ለፋሲካው ደግሞ ለዶሮ ወጥ የሚሆን ሽንኩርት፤ ለእቴቴ የዓመቱ ትልቁ ሰሞን። ዱቤውም የዚያኑ ያህል ትልቅ ነበር። ወደ ሁለት መቶ ሺህ ብር የሚጠጋ ገንዘባችን በሰው እጅ ነው።

ዕቃ በሚጫንበት ዋዜማ ኮምፒውተሩን ላጠፋ ስል ቀጥ አለ። አጥፍቼ አበራሁት። ጥቁር ስክሪን። ከውስጡ "ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ" የሚል ድምፅ ይሰማል። ይህን ድምፅ የሰማ ያውቀዋል፤ ሃርድ ዲስክ ሲሞት እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ውስጡ ያለችው ማንበቢያ ክንድ ቦታዋ ጠፍቷት እየሄደች እየተመለሰች ነው።

እቴቴ በሩ ላይ ቆማ ተሸካሚዎቹን እያዘዘች ነበር። ዞር ብላ "ምን ሆነ?" አለች።

"ምንም" አልኳት።

ማሽኑን በሸራ ጠቅልዬ በታክሲ ወደ ቤት ወሰድኩት። የሰፈራችን ኮምፒውተር ጠጋኝ መጥቶ ጆሮውን ዲስኩ ላይ ለጥፎ አዳመጠ። "ፎርማት አድርጌ ዊንዶውስ ልጫንበት?" አለ። ለማንኛውም በሽታ የሚሰጠው መድኃኒት ነው። ያን ጊዜ ነው ፍላሼ ትዝ ያለኝ። ያን ፍላሽ አንደኛ ዓመት ላይ የሠራሁት ላፕቶፕ ስላልነበረኝ ነው፤ የላቡ ኮምፒውተሮች ላይ እየሰካሁ የቤት ሥራዬን የምሠራበት ነበር። ዲስኩ ቢሞትም ማሽኑ አልሞተም። ራሙ ደኅና ነው፣ ፕሮሰሰሩ ደኅና ነው። ኤፍ12። ፍላሹ ተነሳ። የታመመውን ዲስክ ጎን ለጎን እንደ ሌላ ሰው ዕቃ አየሁት።

ከሚሞት ዲስክ ጋር የሚሠራ ሰው ማወቅ ያለበት አንድ ሕግ አለ፤ አትጻፍበት፣ አታንጎራጉረው፣ በሕይወት ያለውን ያህል መጀመሪያ ሙሉውን ቅዳ። ለዚህ የተሠራ ዲዲሬስኪው የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ደኅናውን ቦታ ቶሎ ብሎ ይቀዳል፣ የተበላሸው ላይ አይከራከርም፣ አልፎ ይሄድና በኋላ ይመለስበታል። የቱን እንዳነበበ፣ የቱን እንደዘለለ አንድ የካርታ ፋይል ላይ እየመዘገበ ይሄዳል። ከጠጋኙ ልጅ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ተዋስኩና ጀመርኩት።

ስድስት ሰዓት ሄደ። ሌሊት ነው። ቁጥሩ እየጨመረ ነው፤ ሰባ ከመቶ፣ ሰባ አምስት። ቡና አፈላሁ። ሰማንያ አካባቢ ሲደርስ መብራት ሄደ።

ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ ያደረግኩትን ስህተት ቆጠርኩ። አንድ፣ የተቀዳው ነገር ኤክስተርናሉ ላይ አለ፣ ካርታውን ግን ያስቀመጥኩት በፍላሹ ሲስተም "ሆም" ውስጥ ነበር። ያ ደግሞ ራም ነው። ቅድም የነገርኳችሁ ስስ ንጣፍ። ከመብራቱ ጋር ሄዷል። ሁለት፣ ማታ ላይ መብራት ሲመለስ፣ ካርታ የሌለው ቅጂ ምንም አይረባም ብዬ የመጀመሪያውን ደመሰስኩትና ከዜሮ ጀመርኩ። ዛሬ ቢሆን አልደመስሰውም፤ ለብቻው አስቀምጬ ሁለተኛውን ጎኑ እቀዳ ነበር። ያኔ ግን ሃያ አንድ ዓመቴ ነው፣ አላውቅም፣ እንቅልፍም አልተኛሁም።

ዲስኩ በሁለተኛው ዙር የባሰ ደክሞ ነበር። ቀንና ሌሊት ሠርቶ ያቀበለኝ የዱቤው ፋይል ሁለት ቅጂ ነው። የመጨረሻው አልከፈት አለ፤ መሐሉ ባዶ ነው። የተከፈተው የሦስት ሳምንት ዕድሜ ያለው አሮጌ ቅጂ ነው። የመጀመሪያው ዙር ላይ አዲሱ ፋይል በደኅና ተነቦ ይሆን? መልስ የለውም። የደመሰስኩት እኔ ነኝ።

የተከፈተውም ቢሆን ወዲያው አልተነበበም። ፍላሹ ላይ ባለው ሊብሬኦፊስ ስከፍተው ቁጥሮቹ አሉ፣ በስሞቹ ቦታ ግን የላቲን ፊደልና የምልክት ኮተት። ደነገጥኩ። ኋላ ነው የገባኝ፤ የአክስቴ ልጅ ስሞቹን የጻፈችው ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ የግዕዝ ፎንት ነው። ፊደላችን በፈረንጆቹ 1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 ላይ የራሱን ቦታ አግኝቷል፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች ግን የላቲኑን ቦታ ተውሰው ነበር የሚሠሩት። "ሀ" የምናየው ነገር ለኮምፒውተሩ ሌላ ፊደል ነው፤ "ሀ" የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነው። ፎንቱ ከሌለ ስሙ የለም። ብዙ የጽሕፈት ቤት ልማድ ከዩኒኮድ በኋላም ለዓመታት እዚያው ቀርቷል።

ፎንቱ የት ይኖራል? የሞተው ዊንዶውስ ውስጥ፣ ፎንትስ ፎልደር ውስጥ። ከቀዳሁት ውስጥ ፈልጌ አገኘሁት፣ ወደ ፍላሹ ሲስተም ገለበጥኩት፣ ፋይሉን ዘግቼ ከፈትኩት።

"የዶሮ ማነቂያዋ።" "ባለመነጽሩ።" "የአቡዬ ማኅበርተኛ።"

አለቀስኩ። ወንድሜ እስካሁን በዚያ ይስቅብኛል።

*

የቀረውን ለእቴቴ መንገር ነበረብኝ። ጃንሜዳ ድንኳን ውስጥ፣ ኬሻ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ማስኳን አገጯ ላይ አውርዳ ቲማቲም ትመርጣለች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሦስት ሳምንቱ እንደሌለ፣ ካርታውን የት እንዳስቀመጥኩ፣ የመጀመሪያውን እንደደመሰስኩት። ራምና ካርታ ፋይል ምን እንደሆኑ አልጠየቀችኝም። "ሦስት ሳምንት?" ብቻ አለች። "አዎ።" "ጾሙን ነው እንግዲህ።" "አዎ።"

ዝም አለች። ከዚያ "ጻፊ" አለችኝ።

ዓይኗን ጨፍና ጀመረች። የምታስታውሰው በቀን ቁጥር አይደለም። "የመቂው አይሱዙ ጎማው ፈንድቶ የዘገየ ቀን፣ ባለመነጽሩ ሁለት ኩንታል፣ አንዱ እርጥብ ስለነበር ሃያ ኪሎ ቀነስኩለት። ማክሰኞ ነው፣ ምክንያቱም በማግስቱ የእነ እንትና ለቅሶ ነበር።" እንዲህ እያለች ሁለት ሰዓት ያህል አስጻፈችኝ። ከዚያ ስልክ ተደወለ። ብዙዎቹ ራሳቸው ነገሩን። እንዲያውም አንዲት የጉልት ሴት እቴቴ ካለችው በላይ ነው ያለብኝ ብላ አስጨመረችን። ምግብ ቤቶቹ ሰው ስላልነበራቸው "ታገሺን" አሉ፤ ታገሰች። አንዱን ሙሉ በሙሉ ማረችው፤ ቤቱን ዘግቶ ወደ አገሩ ሊሄድ ነበር።

አንድ ሰው ግን ካደ። አሥራ ስምንት ሺህ ብር። "በኮምፒውተርሽ ይታያ!" አለ በስልክ፤ ኮምፒውተሩ መሞቱን ሰምቷል። በስፒከር ስለነበር እኔም ሰማሁ። እቴቴ "እሺ፣ እግዚአብሔር ያውቃል" ብላ ዘጋችው። ፊቷን አላዞረችብኝም፣ አልተቆጣችም። የዚያን ቀን ማታ ግን ስትመጣ ጠንካራ ሽፋን ያለው አዲስ ደብተር ይዛ ነበር። "አንቺም በዚያ በፍላሽሽ ጻፊ" አለችኝ። "እኔም በዚህ እጽፋለሁ። ሁለቱም ይኑሩ።" አራት ዓመት የተማርኩትን ባክአፕ የሚባል ትምህርት በሁለት ቃል ጨረሰችው።

*

ከዚያ በኋላ ዴስክቶፕ አልገዛንም። ጃንሜዳ ላይ የት ይቀመጣል? ፍላሹን እንደገና ሠራሁት፤ በዚህኛው ላይ ግን የሚያስታውስ ክፍል ጨመርኩበት። ፐርሲስተንስ ይሉታል። ከፍላሹ ላይ የተወሰነ ቦታ ይከለልና የምንለውጠው ነገር ራም ላይ በመቅረት ፈንታ እዚያ ይጻፋል። ያንን ክፍል በይለፍ ቃል ቆለፍኩት፣ ምክንያቱም 41 ሰው ያለበትን ዕዳ በቁልፍ መያዣ ላይ አንጠልጥሎ ታክሲ መሳፈር ቀልድ አይደለም። ማታ ማታ የወንድሜን ላፕቶፕ እየተዋስኩ፣ እሱ ሲሠራበት ደግሞ የጎረቤትን፣ የዕለቱን ዱቤ አስገባ ነበር። በማን ማሽን ብሠራ የሚመጣው ያው የኔ ስክሪን ነው።

ሰኔ 23 ቀን 2012፣ የሃጫሉ ሁንዴሳን ግድያ ተከትሎ ኢንተርኔት ሲዘጋ፣ ለሳምንታት አገሩ ሁሉ ዝም ሲል፣ ፍላሹ ላይ ኪዊክስ ነበረኝ፤ ዊኪፒዲያን ያለ ኔት የሚከፍት ፕሮግራም። ከአማርኛው ዊኪፒዲያ ሌላ የፕሮግራሚንግ መማሪያዎችም ጭኜበት ነበር። ያን ክረምት ውጭው አስፈሪ ነበር፤ እኔ ግን የሊኑክስን ነገር ከሥሩ የተማርኩት በዚያ ክረምት ነው።

የጥምቀት በዓል በየዓመቱ የሚከበረው ጃንሜዳ ስለሆነ፣ የ2013ቱ ጥር ሳይደርስ ገበያው እንደገና ተነሳ፤ ወደ ሃይሌ ጋርመንት። እቴቴ ሚዛኗንና ደብተሯን ይዛ ሄደች፣ እኔ ፍላሼን። በ2016 ደግሞ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በተከፈተበት ሰሞን ፒያሳ ብዙ ቤቶች ፈረሱ። እኛ ስንራመድባቸው ያደግንባቸው መንገዶች ላይ ዛሬ ስሄድ የት እንዳለሁ ለማወቅ ቀና ብዬ የጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን ፈልጋለሁ። የመጋዘኑ ቁልፍ በዚያ ምክንያት ነው እስካሁን ያለው። ፍላሽ የሚሸከመው የተጻፈበትን ብቻ ነው፤ የአትክልት ተራን የሌሊት ጫጫታ ማንም አልቀዳውም።

*

ይህን አንብባችሁ ለመሞከር ካሰባችሁ፣ ከደረሰብኝ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ፍላሽ ስትገዙ 64 ጊጋ ተብሎ ውስጡ 8 የሆነ አለ፤ ከመተማመናችሁ በፊት ሙሉውን ጽፋችሁ መልሳችሁ አንብቡት፣ ኤፍ3 የሚባል ፕሮግራም ይህንን ይፈትሽላችኋል። የሊኑክሱን ፋይል ዝም ብሎ ፍላሽ ላይ ኮፒ ማድረግ አይሠራም፤ ሩፈስ፣ ኤቸር ወይም ቬንቶይ በሚባሉ ፕሮግራሞች ነው የሚጻፈው፣ ሲጻፍም በፊት የነበረው ሁሉ ይጠፋል። ቢያንስ ዩኤስቢ 3.0 ይሁን፤ በ2.0 ታግሶ የሚሠራ ታጋሽ ሰው ነው። አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ሴኪዩር ቡት ሊያስቸግር ይችላል፣ ዊንዶውሱ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነም ቁልፉ ከሌላችሁ ውስጡን አታዩም። ፍላሽ ደግሞ ብዙ ሲጻፍበት ያረጃል፣ አንድ ቀን ያለ ማስጠንቀቂያ ይሞታል። የሌላ ሰው ማሽን ላይ ከመሰካታችሁ በፊት ባለቤቱን አስፈቅዱ። ስለ ካርታው ፋይልማ የምነግራችሁ የለም፤ ተነግሯችኋል።

ባለፈው ወር የራሴን ላፕቶፕ ገዛሁ። የመጀመሪያዬ ነው። ፍላሹን ሰክቼ የድሮውን ፋይል ከፈትኩና እቴቴ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ወደ አዲሱ ከማዛወሬ በፊት አብረን እናጽዳው ብዬ። የሞቱ አሉ፣ ሥራ የተዉ አሉ፣ ከፍለው የጨረሱ አሉ። ቁጥሩን ስታይ፣ አሥራ ስምንት ሺህዋ ጋ ስትደርስ "ይቺን ሰርዣት" አለችኝ።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ስንት ዓመቱ! ሰርዣት።"

ሰረዝኳት፣ ሴቭ አደረግኩ። በማግስቱ ሃይሌ ጋርመንት ሄጄ እሷ ደንበኛ ስታስተናግድ ደብተሯን አነሳሁት። አምስተኛው ነው፤ አንዱ ሲሞላ ቀሪውን ዕዳ ወደ ሚቀጥለው ትገለብጣለች። የመጀመሪያው ገጽ፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ የሰውዬው ቅጽል ስም አለ። ከጎኑ ዘጠኝ ክብ። ከጎኑ 18,000።

አልተሰረዘም።